የሁለት መቶ ዐሥራ አራት አበባ

ኦቦ ባቻ ያቺን ተክል ውሃ ያጠጣት በደግነት ነው። ይህን ዛሬ እናገራለሁ። በዚያ ሰኞ ጠዋት ግን እንዲህ የሚል ሰው አጠገቤ ቢኖር እሱም ላይ እጮኽበት ነበር።

ለአምስት ቀን ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ፣ መንገዱ ተዘጋና ዐሥራ ስምንት ቀን ቆይቼ ነው ነቀምት የተመለስኩት። ነሐሴ አምስት ነበር። ሻንጣዬን ቤት እንኳ ሳላደርስ በቀጥታ ወደ ሄርባሪየሙ ጓሮ ሄድኩ። ሄርባሪየም የሚባለው የደረቀ ተክል ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ቁጥርና ስም ተጽፎለት የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ የኛው ሁለት ክፍልና አንድ ጓሮ ብቻ ነው። በጓሮው ጥግ ዝናብ እንዳይገባ ላስቲክ የወጠርኩለት መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ አንድ የቀለም ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ደግሞ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።

በቁጥር የምጠራት ስም ስለሌላት ነው። ቅጠል የላትም። አራት ማዕዘን ያላት፣ ጣት የምታህል ሥጋማ ግንድ ነች፤ ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። በ2012 ዓ.ም. ከጊዳ አያና ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርጄ፣ እጅ ከሚያቃጥል የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ትንሽ ቅርንጫፍ ቆርጬ መጣሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ የቀሩትን አያለሁ ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት የመጣው ከነጦሱ ነው። ያ አካባቢ ያየውን መከራ እኔ አልተርከውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ከመሥሪያ ቤታችን ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው የለም፤ ከዚህች ግንድ ሌላም በእጃችን የለም።

አምስት ዓመት አላበበችም። ሐምሌ ላይ ግን ጫፏ ላይ አንድ እምቡጥ አወጣች። የዚህ ወገን ተክሎች ግንዳቸው እንደ ወንድማማች ስለሚመሳሰል የሚለዩት በአበባቸው ነው። እኔ ደግሞ የዶክትሬት ጽሑፌን አራተኛ ምዕራፍ በሙሉ «ይህች ተክል እስከ ዛሬ ያልተመዘገበች ናት» ብዬ ጽፌ አበባዋን እየጠበቅሁ ነው። አበባው ከሌለ ምዕራፉ ወሬ ነው። ሦስተኛው ማራዘሚያዬ ነሐሴ ሠላሳ ያበቃል፤ አራተኛ እንደማይኖር ማኅተም ባለው ደብዳቤ ነግረውኛል።

ጣሳውን ሳነሳው ከበደኝ። አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ግንዷን ከሥሯ በጣቴ ጫን ሳደርጋት እንደ በሰለ ሙዝ ሰረጎደች።

«አከም ቡልቴ፣ ዶክተር» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለኝ ከኋላዬ ኦቦ ባቻ። የግቢያችን ጥበቃ ነው፤ ወደ ስድሳ ይጠጋል። ገና ዶክተር እንዳልሆንኩ ያውቃል፤ ያው ለማበረታታት ነው። «ኬሱማሽን አላስጠማኋትም። በየጠዋቱ አንድ አንድ ኩባያ። ስትሄጂ ተጨማዳ አልነበር? እያት እስቲ እንዴት እንደሞላች።»

ኬሱማ በኦሮምኛ እንግዳ ማለት ነው። ተክሏን ካመጣኋት ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚላት። እሱ የአርጆ ሰው ነው፤ ዝናብ ስምንት ወር በሚዘንብበት አገር ላስቲክ ተወጥሮባት ዝናብ የተከለከለች ተክል አንጀቱን በልታዋለች። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። በኛ አገር በረሃ ተክል ሲጨማደድ ተኝቷል ማለት ነው፤ አይቀሰቀስም። ውሃ ከጠጣ ይበሰብሳል። ይህን ለኦቦ ባቻ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ለምን እንዳልነገርኩት ብጠየቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጥበቃ ስለሆነ ነው።

«ገደሏት» አልኩት። «ማን አጠጡ አለዎት? እርስዎ የተቀጠሩት በር ሊጠብቁ ነው። በሩን ይጠብቁ! የማያውቁትን ነገር አይንኩ!»

ጽዳቶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩን። ኦቦ ባቻ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ደረቱ ላይ ያዘው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወዲያው ቆጨኝ፤ ግን ከቁጭቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝና ጣሳውን ይዤ ገባሁ።

አፈሩን አራግፌ ሥሯን አየሁ። ሥር የሚባል አልቀረም። ከታች ሦስት ጣት ያህል ቡናማ ሆኗል። በማስመሪያ ለካሁት፣ ጻፍኩት። ማክሰኞ ጠዋት ስለካው ግማሽ ጣት ወደ ላይ ወጥቷል። ረቡዕ ሌላ ግማሽ። እምቡጡ የአተር ፍሬ አክሏል፤ በኔ ግምት እስኪፈነዳ ዐሥር ቀን ይቀረዋል። መበስበሱ ደግሞ በስድስት ቀን እምቡጡ ዘንድ ይደርሳል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

አማካሪዬ ዶክተር ቀነአ ጋ ደወልኩ።

«ከበሰበሰው በላይ ካልቆረጥሻት ትሞታለች» አለኝ። «ከቆረጥሻት ደግሞ እምቡጡን ልትጥለው ትችላለች። ቁስሉ ካልደረቀም ያው ናት።»

«እምቡጡን አሁኑኑ አልኮል ውስጥ ብከተውስ?»

«እምቡጥ አበባ አይደለም፣ ሱአድ። ገምጋሚዎቹ ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ። ደረቅ ቦታ አለሽ?»

ሳቅኩ። በነሐሴ ነቀምት ደረቅ ቦታ! ጨው በጨው ዕቃው ውስጥ ውሃ ሆኗል። ክብሪት አይጫርም። ያጠብኩት ሸሚዝ በአምስተኛው ቀን እርጥብ ነው፤ ናሙና የምንጭንባቸው ጋዜጦች ሳይቀር ሻግተዋል። የማድረቂያ ምድጃችን መብራት ሲኖር ተክሉን ይጠብሰዋል፣ መብራት ሲጠፋ ያጥነዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ኦቦ ባቻ ቆመ። ከሰኞ ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ሰላምታው እንኳ በራስ ንቅናቄ ነበር።

«እኔ የማላውቀውን አልነካም» አለ። ቃሌን መልሶ ሰጠኝ። «ደረቅ ቦታ እንደቸገረሽ ሰምቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽና እሄዳለሁ። ለዘር የምናስቀምጠው በቆሎ አይሻግትም፣ አይነቅዝም። የት የምናደርገው ይመስልሻል?»

«የት ነው?»

«ከምድጃ በላይ፣ ቆጥ ላይ። እሳት ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይለየው እርጥበት የሚባል አይደርስበትም። ቤቴ ጨለለቂ ሰፈር ነው፤ ማድ ቤታችን ክረምቱን ሙሉ ደረቅ ነው።» ባርኔጣውን አጠለቀ። «አልፈልግም ካልሽ ዺፈማ፣ ይቅርታ፤ ሥራ አስፈታሁሽ።»

ጭስ ተክል ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም። ግን ማስመሪያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ቡናማው ሌላ ግማሽ ጣት ወጥቶ ነበር። ጣሳውን የብስኩት ካርቶን ውስጥ አደረግን፤ እሱ ጃንጥላ ያዘልኝ፤ ባጃጅ ጠርተን በዝናብ ጨለለቂ ሄድን።

ባለቤቱ እትዬ የሺአረግ ማድ ቤት ነበሩ። አባታቸው ከወሎ በሠፈራ ጊዳ አያና የመጡ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ኦቦ ባቻ ቤት ኖረው እንኳ የወሎ አማርኛቸው አልለቀቃቸውም። እኔን ሲያዩ «ውይ፣ የኔ አበባ፣ ግቢ ከዝናቡ» አሉና ወንበር አቀረቡ። አልተቀመጥኩም።

ምላጩን እሳት ላይ አቃጠልኩ፣ በአልኮል ጠረግሁ። ከቡናማው ግማሽ ጣት ከፍ ብዬ ቆረጥኩ። የተቆረጠው ፊት አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ቡናማ ነጥብ አለ። ነጥብ ካለ ውስጥ ውስጡን ወጥቷል ማለት ነው። ቁራጩን ወደ እሳቱ ወረወርኩ።

«ለምን አቃጠልሽው?» አሉኝ እትዬ የሺአረግ።

«የበሰበሰው ከተጣለ ይዛመታል። የሚገማው ክፍል ተቆርጦ መቃጠል አለበት።»

ምላጩን እንደገና አቃጥዬ ቆረጥኩ። ነጥቡ አነሰ፣ ግን አለ። ከእምቡጡ በታች የቀረው አንድ ጣት ተኩል ነው። ኦቦ ባቻ ሳልጠይቀው ባትሪውን አብርቶ አጠገቤ ያዘልኝ። ሦስተኛውን ቆረጥኩ። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ንጹሕ። ከእምቡጡ በታች አንድ ጣት ቀረ።

«ነጋ» አለ ኦቦ ባቻ፤ ሰላም ማለቱ ነው። እትዬ የሺአረግ ከምድጃው ጥግ የላመውን አመድ በጣታቸው ቆንጥረው ቁስሉን ነካ ነካ አደረጉላት። አልከለከልኳቸውም።

ሰፌድ ላይ አጋድመን ቆጡ ላይ፣ በቆሎው አጠገብ ሰቀልናት። «ውሃ እንዳይነካት» አልኩ። «ሌላ ምንም አታድርጉ።» ስለ ተክሏ ሌላ አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። ከየት እንደመጣች አልነገርኳቸውም። እምቡጡ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ለምን እንደምፈልገው አልነገርኳቸውም። ይህን ያህል ካገዙኝ በኋላ እንኳ የማስረዳው ለገምጋሚ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

አምስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አየኋት። ቁስሉ ደረቀ፣ ቆዳ አወጣ። እምቡጡ አልወደቀም፤ እንዲያውም ወፈረ። ማክሰኞ ስለካው የባቄላ ፍሬ ይበልጣል። በግምቴ የሚፈነዳው የሚመጣው ሰኞ ነው። እስከዚያ ሌላውን ጽሑፌን ልጨርስ ብዬ ረቡዕ ቀረሁ፣ ሐሙስም ቀረሁ። ቤቴ ተዘግቼ የሥዕል ቁጥር ሳስተካክል፣ የዋቢ ጽሑፍ ዝርዝር ስደረድር ዋልኩ። የመጨረሻውን ገጽ ለአበባው ፎቶ ባዶ ትቼ ነበር።

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ አንዴ ጠርቶ ዘጋ። ሚስድ ኮል ነው። «ባቻ ጥበቃ» ይላል። ካርድ የሌለው ሰው እንዲደወልለት ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ይህንን የማያውቅ የለም። ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጭቅጭቅ በኋላ ሰው አስቀምጦ ሊታረቀኝ እንደሚፈልግ ጽዳቶቹ ነግረውኝ ነበርና፣ ለዕርቅ ጊዜ የለኝም፣ ነገ እናየዋለን አልኩ። እንደገና ጠርቶ ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ገና የግቢው በር ላይ አንድ ሽታ ተቀበለኝ፤ የሞተ አይጥ ዓይነት፣ ቀጭን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚቀር። ደስ አለኝ። እነዚህ ተክሎች ሲያብቡ ሥጋ የሸተተ ያህል ይሸታሉ፤ ዝንብ ለመጥራት ነው፤ ንብ የሌለበት በረሃ ውስጥ የአበባ ዱቄታቸውን የሚያዛምትላቸው ዝንብ ነው። ቀድማ ፈንድታለች ማለት ነው። ካሜራዬን ከቦርሳዬ እያወጣሁ ማድ ቤት ገባሁ።

ሰፌዱ ቦታው ላይ ነው። ግንዷ ሰፌዱ ላይ ናት፤ አረንጓዴ፣ ጤነኛ። ጫፏ ላይ እምቡጥ የለም፣ አበባም የለም። በንጹሕ ምላጭ የተቆረጠ፣ አመድ የተነሰነሰበት ትንሽ ቁስል አለ።

«አድነናታል» አሉ እትዬ የሺአረግ ከኋላዬ። ድምፃቸው የኩራት ነበር።

«ምን አደረጉ?» አልኩ። አልጮኽኩም።

«ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ገማ። ምን ሞተ ብለን ቤቱን አገላበጥን፤ የበቆሎውን ከረጢት ሁሉ። ዓርብ ደግሞ የጸሎት ቡድኑ ተራ እኛ ቤት ነበር። ዐሥራ ሁለት ሰው! ከዚያ ቀና ብዬ ባይ ጫፏ ላይ ነው፤ ጥቁርና ቀይ፣ የተበላሸ ጉበት መስሎ ተከፍቷል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። በሰበሰች አልኩ። ከላይ ጀመራት። ለባቻ ደውዬ ነገርኩት፣ እሱ ሥራ ላይ ነበር። 'ሳትነግሪያት እንዳትነኪ፣ ልደውልላት' አለ። ጠበቅሁ። 'ደወልኩላት፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልመለሰችም' አለኝ። እየተዛመተ ወደ ታች ቢወርድስ? አንቺ እንዳደረግሽው ምላጩን እሳት ላይ አቃጠልኩ፣ በአረቄ ጠረግሁ፣ የገማውን ብቻ ቆረጥኩ። እንዳይዛመት አቃጠልኩት። አንዲት ነጥብ አልነበረባትም፣ ንጹሕ ነበረች።»

የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። የሠሩት ሁሉ ያስተማርኳቸውን ነው። ያላስተማርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እሳት ውስጥ ገብቷል። ምድጃውን አየሁት። አመድ ነው። ልቆፍረው ተንበረከክሁ፣ ከዚያ ተውኩት።

ማንን ልክሰስ ብዬ አሰብኩ። ስልኬን አወጣሁ። ዓርብ፣ ዘጠኝ ተኩል። ዘጠኝ ሠላሳ ስምንት። ዘጠኝ ሃምሳ። ሦስቱም ቀይ። አለቀስኩ። እትዬ የሺአረግ ደነገጡ፤ ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ «በሞትኩት፣ ልጄ» እያሉ ትከሻዬን ያዙ። የሆነውን ሁሉ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የሚገማው አበባዋ እንደነበረ። አምስት ዓመት እንደጠበቅኳት። ነሐሴ ሠላሳን። ከየት እንደመጣችም ነገርኳቸው።

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ቆመ። «ከጊዳ አያና?»

«ከታች ከሸለቆው።»

ሰፌዱን አውርደው ግንዷን በጣታቸው ጀርባ ነኳት፤ የሕፃን ትኩሳት እንደሚያዩ ዓይነት። «ያገሬ ልጅ ኖራ ነው» አሉ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ለጸሎት የመጣውን ሁሉ አፍንጫችሁን ያዙ ብዬ አስቀምጠው ነበር።»

እንደሚያስቀምጡት አልተጠራጠርኩም። ያ ነው የባሰብኝ።

ኦቦ ባቻ ከሥራ ሲገባ ሁለታችንንም መሬት ላይ ተቀምጠን አገኘን። ፊቴን አይቶ ያን ሰኞ እንዳደረገው ባርኔጣውን ሊያወልቅ እጁን አነሳ። ተነስቼ እጁን ያዝኩት።

«አያውልቁ» አልኩት። «ዺፈማ፣ ኦቦ ባቻ። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«አልሞተችም እኮ» አለ ግራ ገብቶት። ከታች፣ ቁስሏ የደረቀበትን ገልብጦ አሳየኝ። የስንዴ ፍሬ የማያህሉ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ወጥተዋል። ሥር ነው። «መቼ ነው ደግሞ የምታብበው?»

«አላውቅም። የመጀመሪያው አምስት ዓመት ፈጅቷል።»

ደብተሬን አወጣሁ። የመዝገብ ቅጹ ላይ የአበባ መግለጫ የሚሞላበት ግማሽ ገጽ አለ። እትዬ የሺአረግን ጠየቅኋቸው፤ ተክል ያጠና ሰው እንደምጠይቀው፣ አንድ በአንድ። ስንት የአበባ ቅጠል ነበረው? አምስት፤ ሲቆርጡት ቆጥረውታል። ጫፉስ? ሹል። ውስጡስ? ጥቁር ቀይ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት። ዳሩ ላይ ጸጉር ነበረው? ነበረው፤ ነጭ፣ በትንፋሽ የሚንቀሳቀስ። ስፋቱ? አውራ ጣታቸውን እስከ አንጓው አሳዩኝ፣ ለካሁት። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም፤ ደግሜ ስጠይቅ ያንኑ መለሱ። ከኔ ይልቅ አስተውለው ነው ያዩት። ለገምጋሚዎች ይህ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ዶክተር ቀነአም ሰኞ ነግሮኛል። ግን ያ አበባ በወረቀት ላይ ያለው በዚያ ገጽ ብቻ ነው።

«አበባውን ያየው ሰው» በሚለው ቦታ የሺአረግ ብዬ ከነአባታቸው ጻፍኩ። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፤ ናሙና ካልተወሰደ ምክንያቱ ይገለጽ ይላል። ብዙ ጊዜ ዝናብ፣ ወይም የመንገድ መዘጋት ተብሎ ይሞላል። እስክሪብቶዬን ይዤ ትንሽ ቆየሁና ሞላሁት።

«ናሙና ሰብሳቢዋ ሦስት ጊዜ ተደውሎላት አልመለሰችም።»